ጉድለት የሚነገርበት ቤት

ልጄ፣ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሽ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት መስመር ኃላፊ ሆነሽ መመደብሽን ሰማሁ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ ዕድሜዬን በጋራዥና በፋብሪካ ወርክሾፕ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ልነግርሽ የምፈልገው ጉዳይ ስላለ ይህን ጻፍኩልሽ።

ጉዳዩ ይህ ነው። አዲስ ነገር የሚፈጠረው፣ የታችኛው ሠራተኛ ያየውን ጉድለት ለበላዩ ሳይፈራ በሚናገርበት ቤት ነው። ደግሞም ሙያቸው የተቀራረበ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እያየ በሚኖሩበት አካባቢ ነው። ሕንፃ በብድር ይሠራል፤ ማሽን በጅቡቲ በኩል ይገባል። እነዚህን ሁለቱን ግን ጭኖ የሚያመጣ መርከብ የለም። እዚሁ የሚበቅሉ ናቸው፤ የሚያበቅሏቸውም እንዳንቺ ገና ሥራ የሚጀምሩ ልጆች ናቸው።

ከከተማችን ከአዳማ በላይ በኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖች እያየሽ ነው ያደግሽው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 34 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን 51 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ሌላ 153 ሜጋዋት ጨመረበት። ሁለቱንም የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ወደ አሰላ ስትወጪ ኢተያ አካባቢ በዴንማርክ ድጋፍ ለተጀመረው 100 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ተርባይን ለማቅረብ የተዋዋለው ሲመንስ ጋሜሳ ነው። የዚህን ኩባንያ የዘር ሐረግ በሲመንስ በኩል ወደ ኋላ ብትቆጥሪ የምትደርሺው ብራንደ በምትባል የዴንማርክ ትንሽ ከተማ የመስኖ ዕቃ ይሠራ በነበረ ድርጅት ላይ ነው። ሲመንስ ወደ ነፋስ ተርባይን ሥራ የገባው እ.ኤ.አ. በ2004 ከዚያ ቤት የወጣውን ቦነስ የተባለ ኩባንያ ገዝቶ ነው።

የመስኖ ዕቃ ሠሪ እንዴት እዚህ ደረሰ? ታሪኩን ልብ ብለሽ ስሚኝ። እ.ኤ.አ. በ1891 ፖል ላ ኩር የተባለ መምህር አስኮቭ በተባለች መንደር፣ የገበሬ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የነፋስ ወፍጮ ተከለ። የደረሰበትን ሁሉ ለገጠር ኤሌክትሪሻኖች ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ዮሃንስ ዩል እ.ኤ.አ. በ1957 ባለ 200 ኪሎዋት ተርባይን አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ ክርስቲያን ሪሳገር የተባለ አናጺ የዩልን ሥራ አሳንሶ የራሱን ተርባይን ሠራ። በትቪንድ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1978 ግዙፍ ተርባይን አቆሙ። ከዚያ ቬስታስ መጣ፤ ከአንጥረኛ ቤት ተነሥቶ የእርሻ መሣሪያ ይሠራ የነበረ ድርጅት ነው። ኖርድታንክ ታንከር ይሠራ ነበር። ወደ ክንፍ ሥራ የገባው ኤልኤም ከቤት ዕቃ ተነሥቶ የፋይበርግላስ ጀልባ ይሠራ የነበረ ቤት ነው። ያ የብራንደ የመስኖ ዕቃ ሠሪም ከእነዚሁ አንዱ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ሁሉም የተነሡት በአንድ ባሕረ ገብ መሬት፣ በጁትላንድ ነው።

መቀራረባቸው ብቻ ግን አልበቃቸውም። ተርባይን የገዙት ገበሬዎችና መንደርተኞች ማኅበር አቋቁመው እያንዳንዱ ማሽን ምን ያህል እንዳመነጨና የቱ እንደተሰበረ በመጽሔታቸው ያወጡ ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ተርባይን ፍሬን ከከዳው ወሬው ከአገር አገር ይደርሳል፤ ሌላው ፋብሪካም የራሱን ፍሬን ይፈትሻል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሪሶ በተባለ የምርምር ተቋም ውስጥ የተከፈተው የተርባይን መፈተሻ ጣቢያ ደግሞ የሁሉንም ሥራ ይመረምር ነበር። በዚያው ዘመን አሜሪካ በናሳ መሪነት እንደ ቦይንግ ያሉ አውሮፕላን ሠሪዎችን አሰልፋ ግዙፍ ተርባይኖች አሠርታለች። ገንዘቡም ሳይንቲስቱም ነበራት። ማሽኖቹ ግን ለገበያ ሳይበቁ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የነፋስ ኃይል ሲስፋፋ በጽናታቸው የተመሰገኑት የዴንማርክ ስሪቶች ነበሩ። አናጺውና መምህሩ ከናሳ መሐንዲሶች የበለጠ አዋቂ ስለሆኑ አይደለም። ስብራቱ የሚነገርበት አደባባይ ስለነበራቸው ነው።

ይህ ለሰሜን አውሮፓ ብቻ የተሰጠ ጸጋ አይምሰልሽ። ቢሾፍቱ ላይ የተሠራውን ተመልከቺ። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ናት፤ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች፤ ስለዚህ ሁለት የጤፍ ዝርያ በእጅ ማዳቀል የማይቻል ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባዋ የምትከፈተው በማለዳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ለአጭር ጊዜ መሆኑን ደረሰበት። ያችን ሰዓት ጠብቆ በማጉያ መነፅር ማዳቀል ተቻለ። ከዚያ ወዲያ በቢሾፍቱው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ባለሙያዎች ብዙ ዝርያ አወጡ። ዱከም የተባለው ዝርያ ምርቱ ጥሩ ነበር፤ ገበሬው ግን ነጭ አይደለም፣ ገበያ አያነሣውም አለ። ማኛ ደግሞ ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን ያንሳል። ተመራማሪዎቹ የገበሬውን ቃል ተቀብለው ሁለቱን አዳቀሉ፤ በምርጫውም ገበሬውን አሳተፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ ወጣ፤ በአጭር ጊዜም በየማሳው ተዳረሰ።

እዚህ ላይ ምን እንዳለ እይ። የአድአ ጥቁር አፈርና ጤፍ የሚያውቅ ገበሬ፣ ከማሳው አጠገብ የተተከለ የምርምር ማዕከል፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ነጋዴው፣ የአዲስ አበባ ገበያ፤ ሁሉም በአንድ አካባቢ አሉ። ተመራማሪውም ገበሬው "ይህ አይሆንም" ሲለው አልተቆጣም፤ ጆሮውን ሰጠ። የዴንማርኩን ነገር በቁንጮ ውስጥ አገኘሽው ማለት ነው።

የተቃራኒውን ለማየትም ሩቅ አትሄጂም። ወንጂ አጠገባችን ናት። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. እዚያ ስኳር ማምረት ሲጀምር በዘመኑ ደህና የሚባል ማሽን፣ የተደራጀ እርሻና የሰለጠነ አስተዳደር ነበረው። ነገር ግን የውጭዎቹ ኃላፊዎች ሰፈርና የሠራተኛው ሰፈር ተለያይቶ፣ ሐሳብ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድበት ቤት ነበር። የከርሰ ምድሩ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ የሠራተኛው ልጆች ጥርስ በለዘ፤ ለረጅም ዘመን የጠጡት አዋቂዎች አጥንታቸው ተጎዳ። ይህን በቅድሚያ የሚያውቀው ውኃውን የሚጠጣው ሰው ነው። የሚናገርበት መድረክ ግን አልነበረውም። መድረኩን ራሱ ነው የሠራው፤ የወንጂ ሠራተኞች ተደራጁ፣ ሥራ አቆሙ፣ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን የመጣው ከእነሱ መካከል ነው።

ስዊድኖችም በአንድ ወቅት የሥራ ማቆም አድማ ያደከማቸው ሕዝብ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1938 የአሠሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት ሳልትሾባደን በተባለ ቦታ ተቀምጠው ክርክራቸውን በድርድር ለመፍታት ተፈራረሙ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው አዲስ ማሽን ሲመጣ እንጀራዬን ሊወስድ ነው ብሎ ከመደናገጥ ይልቅ ከትርፉ ድርሻ እንደሚኖረው አመነ። ያመነ ሰው ደግሞ ማሽኑን የሚያሻሽልበትን ዘዴ ራሱ ያመጣል።

እነዚሁ ስዊድኖች ወደ እኛም መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ በስዊድን ድጋፍ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የተዳቀለች ላም፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ይዞ ነበር የመጣው። ዛሬ በስንዴ ምርምር የሚታወቀው የቁሉምሳ ማዕከል የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ በየገጠሩ "አሰላ ሞዴል" እየተባለ የሚታወቀው የእህል መውቂያም ከዚያው አካባቢ የወጣ ነው። ግን ካዱ አንድ ከባድ ትምህርት ጥሎልን አለፈ። ምርቱ ሲጨምርና ትራክተር ሲገባ ብዙ ባለርስቶች ጭሰኛውን እያባረሩ መሬቱን ራሳቸው ያርሱ ጀመር። አዲሱን ዘር በማሳው ሞክሮ ያሳየው ጭሰኛ በምርቱ ምክንያት ተፈናቀለ። ከአዲስ ነገር የሚገኘው ጥቅም ለደከመበት ሰው ካልደረሰ፣ ያ ሰው ሁለተኛ አዲስ ነገር አይቀበልሽም። ይህን በልብሽ ያዢው።

ስለ ሰሜኖቹ ስነግርሽም ፍጹማን ናቸው እያልኩ አይደለም። የፊንላንዱ ኖኪያ የዓለምን የሞባይል ገበያ ይመራ የነበረ ቤት ነው። ቲሞ ቩኦሪና ኲ ሁይ የተባሉ ምሁራን ከኖኪያ ሰዎች ጋር በሰፊው ተነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ መካከለኛ ኃላፊዎች የአለቆቻቸውን ቁጣ ስለፈሩ የሶፍትዌሩን ድክመት በግልጽ አይናገሩም ነበር። የላይኞቹም እውነቱን ሳይሰሙ ቀነ ገደብ ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የሞባይል ስልክ ክፍሉ ለማይክሮሶፍት ተሸጠ። ፍርሃት ሲገባ ፊንላንድም ውስጥ ቢሆን ቤት ይፈርሳል። ፊንላንድን የጠቀማት ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ኦሉ ባሉ ከተሞች የተከማቸው መሐንዲስ ሥራውን ቢያጣም ሙያውን ስላላጣ፣ ብዙዎቹ እዚያው ተሰባስበው አዳዲስ ድርጅቶች ከፈቱ።

እኔም በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። በአንድ ፋብሪካ ስሠራ አንድ ረዳት ልጅ ነበር፤ ጆሮው ለማሽን የተፈጠረ። የአንድ ሞተር ኩሽኔታ ድምፁ ሲቀየር ሰማው፤ እጁን የኩሽኔታው ቤት ላይ ሲያሳርፍም ሙቀቱ ከወትሮው በልጦ አገኘው። ለፎርማኑ ሊነግር ሄዶ ከመንገድ ተመለሰ። በፊት አንድ ጊዜ ተናግሮ "አንተ ማነህ? ሥራህን ሥራ" ተብሎ በሰው ፊት ተዋርዷል። ሁለት ፈረቃ ሳያልፍ ኩሽኔታው ተነከሰ፣ ዘንጉ ተቆረጠ፣ ቺንጋው ተበጠሰ፣ መስመሩ በሙሉ ቆመ። ዘንጉ ከውጭ እስኪመጣ ሠራተኛው ያለ ሥራ ተቀመጠ። ጥቂት ግራሶና አንድ ኩሽኔታ ያድኑት የነበረ ነገር ነው። በግምገማው ላይ ልጁ ለምን አልተናገርክም ተባለ፤ ፎርማኑ ለምን አላዳመጥክም አልተባለም።

አባቶቻችን "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይላሉ። ለሸንጎና ለጠብ ቦታ ትክክል ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን በዝምታ በኩል የሚገባው ከዝንብ የከፋ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ሼዱ፣ መብራቱ፣ መንገዱ ተዘጋጅቶ ነበር። አጥሩ ውስጥ ያለው ሕይወት ግን በእናንተ ይወሰናል። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአገራችን አምስት ድርጅቶች የተቀጠሩ ወጣቶችን ተከታትለው ነበር፤ ሲሶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ወር፣ አብዛኞቹም ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል። በየወሩ ሰው በሚለዋወጥበት መስመር ላይ ማን ያየውን ጉድለት ያስታውሳል? ማንስ ያሻሽለዋል? ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ሰው የሚቆይበት መስመር ማድረግ ነው።

እንዲህ አድርጊ። አንዲት ልጅ ማሽኑ ስፌት እየዘለለባት መሆኑን አይታ እጇን ስታነሣ፣ "ታርጌት!" ብለሽ አትጩሂባት። ቆመሽ መርፌውን አብረሻት እዪ፤ ጫፉ ተጣሞ ይሆናል፣ የክሩ ውጥረት በዝቶ ይሆናል። ከዚያ በሰው ፊት "ጥሩ አየሽ" በያት። ይህን አንድ ቀን ብታደርጊ በማግሥቱ ሌላዋ እጇን ታነሣለች። ብትጮሂባት ግን የተበላሸውን ከጥሩው መሐል መደበቅ ትማራለች፤ አንቺም ጉድለቱን የምትሰሚው ከገዢው ይሆናል።

በመስመሩ ራስ ላይ አንድ መዝገብ ይኑር። የተበላሸው ምንድን ነው? ማን አየው? ምን ተደረገ? የሚል። ጥፋተኛ የሚፈለግበት መዝገብ እንዳይሆን ተጠንቀቂ፤ አንድ ጊዜ ለቅጣት ከተጠቀምሽበት ከዚያ በኋላ ባዶ ይሆናል። ማሻሻያ ያመጣችው ልጅ ስሟ ይጻፍ፤ ማሻሻያው ለድርጅቱ ገንዘብ ካተረፈም ድርሻዋን ለማስገኘት ተሟገቺላት። የካዱን ጭሰኛ አስቢው።

ስዊድኖች በሥራ መሐል ፊካ የሚሉት የቡና ሰዓት አላቸው፤ አለቃውም ጸሐፊዋም ቴክኒሻኑም አብረው ይቀመጣሉ። ቡናው ከእኛ ምድር የተገኘ፣ አብሮ መጠጣቱም የእኛው ልማድ ነው። እኛ ግን ሰፈር ውስጥ ጎረቤት ሁሉ የሚጠራበትን ቡና ሥራ ቦታ ስንገባ በማዕረግ ከፋፍለን እንጠጣዋለን። አንቺ ከኦፕሬተሮቹና ከመካኒኮቹ ጋር ተቀመጪ። በስብሰባ የማይነገረው በሁለተኛው ስኒ ላይ ይነገራል።

በዕድሜ የሚበልጡሽን መካኒኮች አክብሪ፤ "እርስዎ" በያቸው፣ ስማቸውን "ጋሼ" ብለሽ ጥሪ። ማክበር ግን ያየሽውን መዋጥ አይደለም። "ጋሼ፣ ይህችን ነገር አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ" ካልሻቸው ሙያቸውንም አከበርሽ፣ ጉድለቱንም አወጣሽ። ለበላይ አለቃሽም እንዲሁ። ለብቻው፣ በጊዜው፣ ማስረጃ ይዘሽ፣ ከነመፍትሔው ንገሪው። አልሰማ ካለሽም ጽፈሽ ስጪው።

ከዚያ ከአጥሩ ውጪ። አዳማ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት። በዚህ ያለፈ ከባድ መኪና ሁሉ ጥሎት የሄደ ሙያ አለ። ባሌስትራ ደርቦ ሻንሲ የሚያጠናክረው፣ የተሰበረ ማርሽ በቶርኖ ቀርጾ የሚያወጣው፣ ተሳቢ የሚበይደው፣ ቦዲ የሚሠራው፣ ሁሉም እዚሁ አሉ። በደርግ ዘመን በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የትራክተር መገጣጠሚያ ያሠለጠናቸው እጆችም እዚሁ ናቸው። መልካሳ ላይ ቦሎቄና በቆሎ ብቻ ሳይሆን የእርሻ መሣሪያም የሚመራመር ማዕከል አለን። ዩኒቨርሲቲሽ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ጀምሮ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ሞጆ የደረቅ ወደቡና የቆዳ ፋብሪካዎቹ፣ ቢሾፍቱ የምርምር ማዕከሉ፣ ባቱ የአበባ እርሻዎቹና የወይን ጠጅ ፋብሪካው አሏቸው። ጁትላንድ ያላትን ያህል ተጎራባች እኛም አለን። የጎደለን መነጋገር ነው። ቶርኖ ሠሪው ዘዴው እንዳይታይበት ጀርባውን አዙሮ ይሠራል፤ ተመራማሪው ጽሑፉን ለመደርደሪያ ይጽፋል፤ ፋብሪካው ለትንሽ ዕቃ ከባሕር ማዶ ይጠብቃል።

አንቺ ከሦስቱም ጋር የሚያገናኝ እግር አለሽ። ማሽንሽ ላይ የሚሰበር ትንሽ ብረት ሲያጋጥምሽ ናሙናውን ይዘሽ ወደ ቶርኖ ቤት ሂጂ። ልኩን አብራችሁ ለኩ፤ የሚስማማውን የብረት ዓይነት ከመምህራንሽ ጠይቂ። መጀመሪያ የሚሠራው ይሰበር ይሆናል። የተሰበረበትን ቦታ ይዘሽ ተመለሺ፤ ለምን እንደተሰበረ ለሠሪው አሳዪው፤ ቢሻሻል የሚገዛው ሌላ ሼድ እንዳለም ንገሪው። ለእሱ ገበያ ነው፤ ለአንቺ ከመቆም መዳን ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው ልጆች የመመረቂያ ሥራ ነው። በወር አንድ ጊዜ የተለያዩ ሼዶች መካኒኮች ተገናኝተው የተሰበረባቸውን የሚነጋገሩበት ቦታ ብታበጂ ደግሞ የዴንማርክ ገበሬዎች በመጽሔታቸው ያደረጉትን አደረግሽ ማለት ነው። የንግድ ምሥጢር ይወጣል የሚልሽ ይኖራል። የደንበኛን ስምና ዋጋ ጠብቂ፤ መርፌ ለምን እንደሚሰበር ግን የማንም ምሥጢር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2022 መግቢያ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ በየፓርኩ የደረሰውን ታስታውሺያለሽ። ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ኩባንያ ለቆ ሄደ። የሚሄድ ኩባንያ ማሽኑን ይዞ ይሄዳል። በእናንተ እጅና ጭንቅላት ውስጥ የገባው፣ በጎረቤት ቶርኖ ቤት የተሠራው፣ በመዝገባችሁ የተጻፈው ግን እዚሁ ይቀራል። እሱ ላይ ነው ነገ የራሳችሁን የምትሠሩት።

አንድ ቀን አንቺም አለቃ ትሆኛለሽ። ያኔ አንድ ልጅ መጥቶ "እትዬ፣ ይህ ነገር ልክ አይመስለኝም" ሲልሽ ደምሽ ይፈላ ይሆናል። ታገሺ። ወንበር ሳቢለትና እስኪጨርስ ስሚው። ትክክል ባይሆን እንኳ ስለመጣ አመስግኚው፤ ትክክል ከሆነ በዚያው ቀን አስተካክይ።

እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮ፣ የማይፈራ አንደበት ይስጥሽ። የሠራሽው ይባረክ፤ ያስተማርሻቸው ይብለጡሽ።